ከትሼዲሶ ጀልባ ኋላ

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 9
ሙቀት። ሠላሳ ሁለት ተንሳፋፊ ጃኬት አከራየሁ፣ ሠላሳ አንድ ተመለሰ። የቀረውን አንዱን ቫል ወንዝን ይጠይቁልኝ።
አለቃዬ ከፋሲካ በኋላ ጀልባዋን ሊሸጣት ነው። የባሌን የትሼዲሶን ጀልባ! አሥራ አንድ ዓመት ነዳት። ስንቱን ሰው በገመድ እየጎተተ፣ ሳንቃ ላይ አቁሞ ውኃ ላይ አንሸራተተ… እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ። «ነይ እኔው ላስተምርሽ» ሲለኝ «ለከርሞ» እላለሁ። ለከርሞ ስል እሱ አለፈ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11
ሳንቃ ላይ መንሸራተት ለመማር፣ አንዱ ትምህርት ዘጠኝ መቶ ራንድ። ጉድ ነው! ለሠራተኛም አይቀንሱም። ያለኝ ገንዘብ ደግሞ ለመቃብሩ ድንጋይ ያጠራቀምኩት ነው። እንደ ወጋችን ዘመድ ጠርተን፣ በግ አርደን፣ ድንጋዩን የሸፈነውን ብርድ ልብስ ልንገልጥ… ሁለት ዓመት ሙሉ ራስጌው ላይ ቁጥር ያላት ቆርቆሮ ብቻ።
ለእህቱ ለማሊኔኦ አፌ አመለጠኝ። «ወንድሜ ያለ ድንጋይ ተኝቶ አንቺ ውኃ ላይ ልትጨፍሪ? በሃምሳ ዓመትሽ?»
ምን እላለሁ? እውነቷን ነው። ግን ድንጋዩ ይቆያል፣ ጀልባዋ አትቆይም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 20
ናፈቀኝ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ዓርብ፣ ማርች 1
ጀልባዋ ስታልፍ እንደ ልማዴ እጄን አነሳሁ። ለማን? እሱም በሕይወቱ አንድ ቀን መልሶልኝ አያውቅም። ስንቴ ተጣላን! «ሰው ሚስቱን ሰላም አይልም?» «ነጂ እጁን ከመሪው አያነሳም፣ አንቺ ሴትዮ።» እስካሁን ታንገበግበኛለች።
የትምህርቱን ከፈልኩ። አበድኩ መሰለኝ።

እሑድ፣ ማርች 10
አሁን የሚነዳው ሄንኮ ነው፣ ድሮ የትሼዲሶ ረዳት የነበረው። «እትዬ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ይሁኑ! ገመዱን አይሳቡ፣ ጀልባዋ ራሷ ታነሳዎታለች!» አሥራ አንድ ዓመት ከዳር ሆኜ ለሌላው ስጮኸው የኖርኩት ይኼንኑ አይደል? ክንዴ ግን አልሰማም። ሳብኩ፣ ወደቅኩ። ስምንት ጊዜ! የወንዙን ግማሽ ጠጣሁት። በዘጠነኛው ደከመኝና መሳቡን ተውኩት… ቆምኩ። እስከ አኻያ ዛፎቹ ድረስ ሄድኩ። እየጮኽኩ፣ እያለቀስኩ።
ሄንኮ ጀልባዋ ላይ ጎትቶ አወጣኝ። የትሼዲሶ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከፊቴ መስታወት አለ፣ ነጂው የሚጎትተውን ሰው የሚያይበት። ገመዱ ታየኝ… ውኃው… ከዚያ ዳሩ፣ የጃኬቶቹ መስቀያ፣ የእኔ ባዶ ወንበር።
«ሄንኮ… እዚያ የቆመ ሰው ከዚህ ይታያል?»
«እንዴ፣ በደንብ ነዋ! ጋሼ ሁልጊዜ ‹አየህ፣ አሁን እጇን ታነሳለች› ይለኝ ነበር። እርስዎ ሲያነሱ ይስቅ ነበር።»
 

ማክሰኞ፣ ማርች 12
ትከሻዬ አልንቀሳቀስ ብሏል። ማሊኔኦ ደወለች። «ድንጋዩስ?» ለሴፕቴምበር አልኳት። አኮረፈች፣ ታኩርፍ።
ከሰዓት ጀልባዋ አለፈች። ባልታመመው እጄ ሰላም አልኩ። መልስ አልጠበቅኩም።