ጋሼ ጀርባ

ታዴዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ሙት ዓመትህ በሚቀጥለው ሳምንት ስለሆነ ቤቱ ከወዲሁ በዘመድ ተሞልቷል። መኪናህን ለወንድሜ ሰጠሁት። ሬዲዮህን ከፍቼውም አላውቅም። ጽጌረዳህ ደርቋል፤ መቼም አንተን አልዋሽህም።

ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው። ቤቱ አለሽ፣ ጡረታው አለሽ፣ ምን ጎደለሽ? ስሰማው ያመኛል፤ አንተንም ያንኑ እልህ ነበርና። ዲሬክተር ሆነህ የተሾምክ ሰሞን ትዝ ይልሃል? እንግዳው እልል ብሎ ከሄደ በኋላ ምሳህን ሳትነካ መስኮቱ ጋ ቆመህ እንጦጦን ታያለህ። ምን ጎደለህ ብዬ ተቆጣሁ።

«መጉደሉን እንጂ ምኑ እንደጎደለ ባውቅማ እነግርሽ ነበር» አልከኝ።

እህቴ ጥጋብ ነው አለች። እኔም ያልነካኸውን ምሳ አነሣሁ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ከቢሮ ስትወጣ መኪናህን ግቢ አቁመህ በእግርህ ወደ ኪዳነ ምሕረት መውጣት ጀመርክ። ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች አይተህ ማረፊያ ልሥራላቸው አልክ። ያንን እስክሪብቶ የለመደ እጅህን ድንጋይ አስያዝከው! ሠፈሩ ሳቀብን። የቢሮ ሰው ደግሞ ዕረፍት ማለት መቀመጥ ይመስለዋልና ዝቅ ያለ መደብ ሠራህላቸው። ሁሉም እያዩት ያልፋሉ። አንድ ቀን አንዷ ደክሟት ተቀመጠችበት፤ ሸክሙ ወደ ኋላ ጎትቶ አላስነሣ አላት። አንተው ጎትተህ አነሣሃት። ኮትህ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተለጥፎ ስትገባ እንደ ልጅ ትስቅ ነበር። ገለቶሚ አለችኝ አልከኝ፤ በኦሮምኛ ማመስገኗ ነው። እራት ላይም ያችኑ ቃል ደጋገምካት። ያን ያህል ዓመት ቢሮ ስትለፋ እንደዚያ ደስ ብሎህ ገብተህ አታውቅም።

መደቡን አፍርሰህ እስከ ጀርባ ድረስ ካብከው፤ ቆመው፣ ሸክማቸውን ሳያወርዱ እንዲያሳርፉበት። ሐኪም ዕረፍት ያዘዘለት ወገብህ ድንጋይ ስትሸከም ዳነ፣ ጉድ እኮ ነህ። ልብህ ግን በድንገት ከዳችህ።

ትናንት ስለ ሙት ዓመትህ ካህናቱን ላነጋግር ኪዳነ ምሕረት ሄጄ ነበር። ስመለስ በእግሬ ወረድኩ። ክረምቱ የካብህን አንድ ጎን ንዶታል። ሴቶቹ በቀረው በኩል ተራ ይጠብቃሉ። አንዲት ልጅ እግር ለጓደኛዋ «ነይ፣ ጋሼ ጀርባ ላይ አሳርፊ» ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ጋሼ ጀርባ! ስምህን አያውቁትም፤ ካቡን እንዲያ ነው የሚጠሩት። ሚስቱ ነኝ ልል አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ሲሄዱ እኔም ባዶ ጀርባዬን አስደገፍኩት። ካንተ ወዲህ ደገፍ ያልኩበት ነገር እሱ ብቻ ነው።

ምን እንደጎደለህ አሁን ገባኝ፣ ታዴዬ፤ የሚደገፍብህ ሰው ነበር። እንደው ብትኖርና ብነግርህ! ለእኔም የጎደልከኝ አንተ ብቻ አይደለህም መሰለኝ፤ ይህንን የምነግረው ሰው ደግሞ የለኝም።

ሙት ዓመትህ ባለፈ ቅዳሜ ድንጋይ ስትክብ የምታጠልቀውን ጓንትህን አጥልቄ እወጣለሁ። ይሰፋኛል፤ ይስፋኝ። እህቴም ጥጋብ ትበለው። የተናደውን መልሼ እክባለሁ። በልቤማ መቼ ረሳሁህና፤ እጄም ያስታውስህ ብዬ ነው።

ያንተው አስካለ