ያልገባው ባሌስትራ

ጥቅምት 19፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ፒክ አፗ ሥር ነኝ። የቀኝ የኋላ ባሌስትራ፣ ዋናው ብረት ለሁለት ተሰብሯል። የግራውም ተርፏል አይባልም፤ ጎብጦ መነሳት ትቷል። ሾፌሩ አስማረ አዝመራውን ሙሉ ከሽንፋ ሰሊጥ እየጫነ ሲደበድባት ከርሞ፣ አሁን ከጎኔ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። መንገዱን ይረግማል። ዋልካው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ጉድጓዱ በርሜል ይውጣል። እኔ ቡሎን እፈታለሁ።

ሊ/መንበሩ መጣ። ገ/ማኅበሩ ያለው መኪና ይቺው አንዷ ናት፤ በሳምንት ውስጥ ትነሳ አለ። የባሌስትራው ምርጫ ያንተ ነው አለኝ። ደብተሬ፣ በዚህ ዘመን በዚህ አገር ምርጫ የተሰጠው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ጥቅምት 20

ለግራና ለቀኝ ጥንድ ያስፈልጋል። ያሉኝ ምርጫዎች ሦስት ናቸው።

የተሰበረውን መበየድ። አይሆንም። የባሌስትራ ብረት ተበይዶ አይጸናም። ቀጥቃጩን ጠየቅኩት፣ ሳቀብኝ። ስባሪውን ግን ለማጭድ ወሰደው።

ከገንዳ ውሃ መጋዘን የመጣ አዲስ፣ ለዚህችው ዓይነት መኪና የተሠራ። አምስት ብረት ተደርቦበታል። ለስላሳ ነው። ሰው አያንገላታም፤ ጭነት ሲያይ ግን ወዲያው ቁጭ ይላል።

ከገላባት ማዶ፣ ከሱዳን ሎሪ ተፈትቶ በልክ የተቆረጠ። ዘጠኝ ብረት ነው። ደረቅ። ባዶዋን ስትሄድ የተሳፋሪ አንጀት ይበጥሳል፤ አምስት ኩንታል ጭነህባት ግን ቁመቷ አይቀንስም። አንድ የገላባት ነጋዴ ጥንዱን በአህያ ላከልኝ። «ያ ዞል፣ ሰውዬ፣ አንተ ብትሞት ይሄ አይሞትም» ብሎ አስነገረኝ።

አዲሱም የገላባቱም ጋራዡ ውስጥ ናቸው። ለእኛ ሥራ ባለ ዘጠኙ ነው። እሱን እገጥማለሁ።

ጥቅምት 23፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ሙቀት። መፍቻ አይያዝም፣ ይፋጃል።

አስማረ መጣ። ባለ ዘጠኙን ግጠምልኝ አለ። እሱን ነው የማስበው አልኩት። አልሄደም። የኬላው ሃምሳ አለቃ ስንት ጣት ነው የሚለካው? አለኝ።

ይሄን ላስረዳህ ደብተሬ። ድንበሩ ወንዝ ላይ ኬላውን የሚጠብቀው ሃምሳ አለቃ ሸራ መግለጥ አይወድም። ፒክ አፗ ባዶዋን ነች ሲሉት ከኋላ ቁጢጥ ይልና በጎማውና ከላዩ ባለው ፓራፋንጎ መሐል እጁን ይከታል። አንድ ስንዝርና ሁለት ጣት ከሞላ፣ እለፍ። ካነሰ የተደበቀ ነገር አለ፤ ሁሉን ያስወርዳል። ብዙ ሰው እንዲህ ተይዟል። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ባሌስትራ አይዋሽም አልኩት፤ አረቄ ጋበዘኝ።

ለአስማረም ልኩን ነገርኩት። ያን ጊዜ ተናዘዘ። ሊጠፋ ነው። ኅዳር 2 ባዶ በርሜል ጭኖ፣ ናፍጣ ላምጣ ብሎ በይለፍ ወረቀት ይሻገራል። ከበርሜሎቹ ጀርባ፣ ሸራ ሥር፦ ሚስቱ፣ ሁለት ሴት ልጆቹ፣ እናቱ እማማ ዘርፌ፣ የሚስቱ ባለ እግር የስፌት መኪና። ገዳሪፍ ላይ የሚስቱ ወንድም ይቀበላቸዋል።

«ካንተ ሌላ ማን አለኝ፣ ወንድሜ?» አለ።

የሚስቱ ወንድም።

ጥቅምት 24

ያን ሰው አውቀዋለሁ። አምና ለውትድርና ከሰፈራችን አንድ ስም ስጡ ሲባል ተራው የእሱ ነበር። ያኔ የገ/ማኅበሩ ጸሐፊ ስለነበር ዝርዝሩን የጻፈው አስማረ ነው። በእሱ ፈንታ የኔን ልጅ ይበልጣልን ጻፈ። ሰውየው ሱዳን ገባ። ይበልጣል ሰሜን ሄደ። ከዚያ ወረቀቱ መጣ።

የለቅሶውን ድንኳን የተከለው አስማረ ነው። ሦስት ቀን ከጎኔ አልተነሳም። ካስማው ላላ ብሎ ራሱ አጠበቀው። ነገሩን እኔም አላነሳሁ፣ እሱም አላነሳ።

ዛሬ ባለ ዘጠኙን የጋራዡ መጋዘን ወስጄ ጥግ አስቀመጥኩት። ጆንያ ጣልኩበት። ባለ አምስቱን ገጠምኩ። የገላባቱ ብረት ስንጥቅ ተገኘበት አልኩት። አመነኝ።

ላስይዘው አይደለም። ማስያዝማ አንድ ቃል ይበቃዋል። ባለ አምስቱ ሁሉንም አይችልም፤ ከቤቱ አንድ ሰው መቅረት አለበት። ይምረጥ። ከሚስቱ፣ ከልጆቹ፣ ከእናቱ መሐል ቁጭ ብሎ ስም ይጻፍ። እህል አይውረድለት። የምፈልገው ይሄን ነው።

ጥቅምት 28

ሁሉንም በየተራ የሰሊጡ ሚዛን ላይ አወጣናቸው። እናቲቱ ለምን እንደሆነ አልተነገራቸውም።

«እንደ ሰሊጥ ልትሸጡኝ ነው?» አሉ። «ደረጃዬ ስንተኛ ወጣ?»

«አንደኛ ነዎት፣ እማማ።»

«ውሸታም! ገለባ ነኝ። ነፋስ አለመኖሩ በጀኝ።»

41 ኪ.። የስፌት መኪናው ከነብረት እግሩ 42።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ የሁሉንም ክብደት በማሽላ ጆንያ አስተካክለን ፒክ አፗ ላይ ጫንን። በርሜሎቹንም። እጄን ከተትኩ። አንድ ስንዝርና አንድ ጣት። አንድ ጣት ጎደለ። አርባ ኪሎ መውረድ አለበት አልኩት። ከዚያ ፊቱን ለማየት ተዘጋጀሁ። ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ነው።

ከተቀመጥኩበት እስክነሳ እንኳ አልቆየም። እናቴ ትቅር አለ።

የስፌት መኪናውን ብታስቀረውስ? አልኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

«መኪናው ገዳሪፍ ያበላናል» አለ። «እናቴ ምን ታበላለች? ትበላለች እንጂ።»

ሲጋራውን በጫማው አጠፋ። አንተ ዘንድ ትሁን አለ። አንተም ብቻህን ነህ፣ እሷም ቤት ታደምቅልሃለች። የእሳቸውን ልክ ጆንያ ራሱ አወረደው። እንደገና ለካሁ። አንድ ስንዝር፣ ሁለት ጣት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። እያፏጨ።

አልተሰቃየም ደብተሬ። ላብ እንኳ አላለውም። ይበልጣልንም የጻፈው እንዲሁ ነው። እኔ ብዕሩ ከብዶት ይሆናል እል ነበር። ለካ ሳይከብደው ነው።

ኅዳር 1፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ባለ ዘጠኙን መግጠም የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ስንጥቁ ውሸት ነበር ባልል እንኳ ሌላ ተገኘ ማለት እችላለሁ። አሮጊቷም ይሄዳሉ፣ ማንም አይቀርም።

ክሪኩን ሁለቴ ከፒክ አፗ ሥር አስገባሁ። ሁለቴ አወጣሁት። ብገጥምለት ምንም ሳይጎድልበት ይሄዳል። የኔ ግን ጎድሏል።

አልገጠምኩም። እጄን በናፍጣ ታጥቤ ወጣሁ።

ኅዳር 2፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

አለፉ።

ኬላው አጠገብ ቆሜ አየሁ። ሃምሳ አለቃው ቁጢጥ አለ። ስንዝር። ሁለት ጣት። ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ገመዱን አስለቀቀ። እኔን ሲያይ አንገቱን ዝቅ አደረገልኝ፣ ተማሪ ለመምህሩ እንደሚያደርገው። ፒክ አፗ ድልድዩን ወጣች፣ አቧራዋ ቀረ።

እማማ ዘርፌ ልብሳቸውን በነጠላ ቋጥረው እኔ ደጃፍ ተቀምጠዋል። በሁለተኛው ዙር እወስድሻለሁ ብሏቸዋል። መቼ ይደርሳል? አሉኝ። ከፀሐዩ ይግቡ አልኳቸው።

ኅዳር 5

አስማረ ስላልተመለሰ ጥያቄ መጣ። ሊ/መንበሩ፣ ሃምሳ አለቃው፣ ከገንዳ ውሃ የመጣ አንድ የማላውቀው ሰው። ባሌስትራውን ማን መረጠ? እኔ። ለምን ለስላሳውን? ሕጋዊው እሱ ስለሆነ፤ ሌላው ኮንትሮባንድ ነው። ሰውየው ጻፈው። ጥሩ አለ። ሃምሳ አለቃው ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

እማማ ዘርፌንም አስጠሯቸው። ብዙ አላቆዩአቸውም። የገንዳ ውሃው ሰው ራሱ እየሳቀ መለሳቸው፤ ልጇ ጥሏት ለሄደው አሮጊት ምን ይነግራታል አለ። በፊታቸው ነው ያለው። የገባቸው ያኔ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ መቼ ይደርሳል ብለው አልጠየቁም።

ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

የኔ ቤት ጠባብ ነው። መኝታቸውን መጋዘኑ ጥግ አደረግኩ። ጠዋት ስገባ ጆንያው ተገልጧል። ባለ ዘጠኙ ላይ ተቀምጠው ዝገቱን በጥፍራቸው ይፍቃሉ።

«ይሄ የዚያች መኪና ነው?»

ለእሷ የመጣ ነው አልኳቸው።

«ቢገባላት እኔንም ይችለኝ ነበር?»

መዋሸት ይቻል ነበር። አስማረ ላይ ውሸት ቀሎኝ ነበር።

«ይችልዎት ነበር።»

«ልጄ ያለው ስንጥቅስ?»

«የለበትም።»

ፍቀታቸውን አላቆሙም። ይሰድቡኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ።

«ልጅህን ሲጽፍ አጠገቡ ነበርኩ» አሉ። «እጁን አቁሞ ማንን ላድርግ አለኝ። አንድ ልጅ ያለው አባት አይጮህም፣ የሚጮህለት ዘመድ የለውም፣ የዚያን የመካኒኩን ልጅ ጻፍ አልኩት። ስሙን መርጬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሱማ መምረጥ መች ያውቃል?»

ወጣሁ። ጋራዡን ሦስቴ ዞርኩ። የሚፈታ ቡሎን ፈለግኩ፣ የለም፤ መኪናዋ ገዳሪፍ ናት።

ከቀኑ 9 ሰዓት

ተመልሼ ገባሁ። ብረቱን ለቀጥቃጩ ልሰጠው ነው፣ ማጭድ ይሁን አልኳቸው። አልተነሱም።

«ተወው» አሉ። «እዚያ ካልተሸከመኝ እዚህ ይሸከመኝ።»

ላባርራቸው አስቤ ነበር። ወዴት? ይሂዱ ብል የሚሄዱበት የለም። ይቅሩ ብል በየጠዋቱ አያቸዋለሁ፤ እሳቸውም ያዩኛል።

ወሰንኩ። ነገ የባለ ዘጠኙን ጥንድ ግራና ቀኝ አድርጌ ጣውላ እደርብበታለሁ፣ አልጋ ይሁናቸው። ደረቅ ነው፣ ጎን ይቆረቁራል። አርባ አንድ ኪሎ ግን አያጎብጠውም።