የአቶ ሉድቪክ ኦዥቦልትና የቅጠል አልባዋ አበባ ታሪክ

አቶ ሉድቪክ ኦዥቦልት ከአባታቸው ከአቶ ማቲያ ኦዥቦልትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኡርሹላ ሌቭስቴክ በኮቼቭዬ ጫካ ጥግ በምትገኘው በዛቡኮቭዬ መንደር መጋቢት 11 ቀን 1946 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በሒሳብ ደካማ እንደነበሩ የክፍል ጓደኛቸው የነበሩት ባለቤታቸው ይመሰክራሉ፤ እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው አላመኑም።

ከውትድርና ሲመለሱ መንጃ ፈቃድ አውጥተው ከኮቼቭዬ ሪብኒጻ በሚመላለሰው አውቶቡስ ላይ በሹፌርነት ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ድረስ በቅንነት አገልግለዋል። በ1970 ከወይዘሮ ዚንካ ማሪንች ጋር ትዳር መሥርተው ሴት ልጃቸውን ዳሪያንና ወንድ ልጃቸውን ቦያንን አፍርተዋል።

ፎቶ ማንሳት የጀመሩት ቦያን ሲወለድ ነው። ካሜራው የተገዛው ለሕፃኑ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሕፃኑ አንድ ቦታ አርፎ ስለማይቀመጥ ወደ አበባ ዞሩ ይባላል። በቤቱ አልበም ውስጥ ቦያን አንድ ገጽ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አበባ ነው።

የሚያነሱት ደግሞ የጓሮ አበባ አልነበረም። በጸደይ፣ ዛፎቹ ቅጠል ሳያወጡ ፀሐይ እስከ መሬት በምትደርስበት ጊዜ፣ ከረገፈው ቅጠል መካከል ብቅ የሚሉትን የጥፍር ያህል አበቦች ነበር። ለዚህም በሆዳቸው መሬት ላይ ይተኛሉ። አንድ ቀን ተሳፋሪ ጭነው ሳለ መንገድ ዳር ሰማያዊ ነገር አይተው አውቶቡሱን አቆሙና ወረዱ። አንድ ተሳፋሪ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው "ሞተሩ ነው?" ቢሏቸው፣ "አይ፣ እኔ ነኝ" ብለው መልሰዋል። ተሳፋሪዎቹም ምን ያድርጉ፣ ጠብቀዋል።

ወይዘሮ ዚንካ በበኩላቸው እንጉዳይ ለቃሚ ናቸው። እንጉዳይ ለቃሚ የሚለቅምበትን ቦታ ለገዛ እናቱ እንኳ እንደማይናገር በመንደራችን የታወቀ ነው። ስለዚህ በነሐሴ 1988 ከጫካ እያለከለኩ መጥተው "ና ተነስ፣ የማሳይህ አለ" ማለታቸው ቀላል ነገር አልነበረም። ያገኙት ቅጠል አልባዋን ነበር። ይህች አበባ መልኳ ሰም የመሰለ፣ አረንጓዴ የሚባል ነገር በላይዋ የሌለ፣ ብዙ ዓመት ከመሬት በታች ተደብቃ ደስ ሲላት ብቻ የምትወጣ ናት። አቶ ሉድቪክ እስከዚያ ቀን ድረስ በመጽሐፍ እንጂ በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም።

ቀጥሎ የሆነውን ቤተሰቡ መደበቅ አይፈልግም። የዚያን ጊዜ ፎቶ አንሺዎች አበባው ጥርት ብሎ እንዲታይ በዙሪያው ያለውን ቅጠልና ሣር ጠርገው ያስወግዱ ነበር። አቶ ሉድቪክም እንደ ልማዳቸው ጠረጉና ተኙ። ሲነሱ ገና ያልፈኩት እምቡጦች በሆዳቸው ሥር ተጨፍልቀው ተገኙ። የተረፈችውን አንዷን ደግሞ፣ መሸሸጊያዋ ስለተነሳባት፣ በማግሥቱ ቀንድ አውጣ በላት። ፊልሙም ታጥቦ ሲመጣ የሚታይ ነገር አልነበረውም።

ወይዘሮ ዚንካ ስለዚህ ጉዳይ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፦ "ለካ መጥረግ ትችላለህ። ቤት ውስጥ አይቼህ ስለማላውቅ ነው።"

ከዚያ ወዲህ አንድም ቦታ አላሳዩዋቸውም። ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው ብቻቸውን ይወጣሉ፣ ብቻቸውን ይመለሳሉ። አቶ ሉድቪክ በር ላይ ጠብቀው "ወጥታለች እንዴ?" ሲሏቸው፣ "ማን?" ይሏቸዋል። እሳቸው የድሮውን ቦታ በየነሐሴው ቢመላለሱበትም አልወጣችም። ሌላ ቦታ እንዳለ ግን ከሚስታቸው ፊት ላይ ያነቡ ነበር። ማንበብ ብቻ እንጂ መከተል አልቻሉም፤ ወይዘሮ ዚንካ ፈጣን ናቸው።

አቶ ሉድቪክ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ቅጠል ከቦታዋ አንስተው አያውቁም። ከመተኛታቸው በፊትም መሬቱን በመዳፋቸው ቀስ ብለው ይዳስሱ ነበር። በዚህ የተነሳ ፎቶዎቻቸው ግማሽ ቅጠል፣ ግማሽ ሣር ሆኑ። በከተማው የፎቶ ማኅበር ትርኢት ላይ ሊቀ መንበሩ ቀርበው "ኦዥቦልት፣ አበባው የቱ ጋ ነው?" ቢሏቸው፣ "እኔም ፈልጌ ነው ያገኘሁት፤ አንተም ፈልግ" ብለዋቸዋል። ሽልማት አላገኙም።

በሰኔ ወር 2023 ባደረባቸው የጉበት ሕመም ሆስፒታል ገብተው ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆዩ። በነሐሴ አንድ ቀን ወይዘሮ ዚንካ ጭቃ በነካው ጫማ ክፍላቸው ገብተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና "ወጥታለች" አሏቸው። አቶ ሉድቪክ ማን ብለው አልጠየቁም።

"ቅጠሉስ?"

"እላይዋ ላይ ነው። አልነካሁትም።"

ከዚያም ቦታውን ነገሯቸው። በዚያ አላበቁም፤ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ የሸሸጉትን ቦታ፣ የእንጉዳዩንም የአበባውንም፣ ከእናታቸው የወረሱትንም ጭምር አንድ በአንድ ነገሯቸው። አቶ ሉድቪክ ዓይናቸውን ጨፍነው "ከድልድዩ በየት በኩል?" እያሉ ተከተሏቸው። በመጨረሻ ዓይናቸውን ገልጠው፣

"አሁን ነው የምትነግሪኝ? መነሳት ሲያቅተኝ?" አሏቸው።

"ታዲያ ስትችል ልንገርህ?"

ነርሷ ድምፅ ሰምታ ስትገባ ሁለቱም ሲስቁ አገኘቻቸው። ዳሪያ ካሜራውን ይዛ ሄዳ አበባዋን እንድታነሳላቸው አባቷን ብትጠይቃቸው "አይሆንም፣ ትተኚባታለሽ" ብለው ከለከሉ። ስለዚህ በዚህ ወረቀት ሽፋን ላይ የምትታየው አበባ ሌላ ናት።

አቶ ሉድቪክ ኦዥቦልት መስከረም 2 ቀን 2023 በተወለዱ በ77 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዚንካን፣ ሁለት ልጆችንና ሦስት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። ከቀብር በኋላ በሚኖረው ምሳ ላይ የፎቶ ማኅበሩ አባላት ወይዘሮ ዚንካን ስለ ቦታው እንዳይጠይቁ ቤተሰቡ በትሕትና ያሳስባል፤ አይነግሩም።

ፈጣሪ አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው። መንገዱ ሁሉ ተነግሯቸዋልና ነፍሳቸው ሳትቸኩል ትሂድበት።