ጀልባዋን ቀስ የምታስኬደው ዕቃ

ይድረስ ለእታለሜ፣ እህትም እናትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ያ ክፉ ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም "ወይኔ" ትያለሽ ወይስ ለቀቀሽ? እማማስ ዓይኗ ተሻላት? አባባ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር የገጠመውን ሙግት ተወው ወይስ እንደ ልማዱ ወይ ፍንክች ብሏል? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለሁ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ዛሬ ግን መዋሸት አላሰኘኝም።

ባለፈው በላክሽልኝ ደብዳቤ ላይ "ባልሽ አሁንም የሚመታሽ ከሆነ ነይ፤ ግን ደግሞ ትዳር ነው፣ አትቸኩዪ" ብለሽኛል። ነይም አትምጪም ማለትሽ ነው፤ እንዳንቺ ያለ መካሪ ይብዛልኝ! መልሴን ከመስጠቴ በፊት ለጀልባችን አንዲት ዕቃ ስንገዛ የሆነውን ልንገርሽ።

እኔ፣ ባለቤቴና ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ ማለቴ ነው፣ ሦስታችንም በአንዲት ጀልባ ነው የምንወጣው። መንጠቆ ያላቸውን ረጃጅም ክሮች ከኋላ ለቀን እየጎተትን እናጠምዳለን። ዓሣው የሚነክሰው ጀልባዋ ሥራ እንደፈታ ሰው ዝግ ብላ ስትሄድ ነው። የኛ ሞተር ግን ቀስ ማለት አልፈጠረበትም፣ ልክ እንደ ባለቤቱ። የነዳጅ መስጫውን እጀታ ትንሽ ገፋ ስታደርጊው ይዘላል፣ ትንሽ ሳብ ስታደርጊው ይጠፋል። ስለዚህ ባለቤቴ እጀታውን በአሮጌ ሱሪ ቅዳጅ አስሮ ነበር የሚያስኬደው። ኧረ ተው ብንለው፣ ጨርቁ ከናንተ ይልቅ ያምነኛል ይለናል።

የፈሩት ይደርሳል አሉ። አንድ ጠዋት ቅዳጁ ተፈታ። ጀልባዋ ስትፈናጠር ክሩ የዋርሳዬ እጅ ላይ ተጠመጠመ፤ አመልካች ጣቱን ከሥሩ ቆርጦ ይዞት ሄደ። ደሙ እግሬ ድረስ ተረጨ። ባለቤቴ መጀመሪያ የተናገረው ስለ ክሩ ነበር፤ አዲስ ክር ነው፣ ሄደ በቃ አለ። ያም ሆኖ የወንድሙን እጅ ሲያይ ቆጨው መሰለኝ፣ ፍጥነት የምታስተካክለውን ዕቃ ለመግዛት እሺ አለ።

ወደቡ በር አጠገብ ካለው የጀልባ ዕቃ ሱቅ ሄድን። ባለ ሱቁ ሁለት ዓይነት አወጣልን። ሁለቱም የነዳጅ መስጫውን በጥቂት በጥቂቱ፣ እንደ ፀጉር ቅጥነት ነው የሚያንቀሳቅሱት። አንደኛው መሪው ጎን ተገጥሞ በጣት የሚዞር ነው። ሁለተኛዋ ረጅም ሽቦ አላት፤ ጫፏ ላይ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት የሆነች፣ ከፍና ዝቅ የምታደርግ ባለ ሁለት ቁልፍ ዕቃ አለች። ኋላ የሚቆም ሰው በእጁ ይይዛታል። ኋላ የምቆመው ደግሞ እኔ ነኝ። ክሩ ሲወጠር የማየው እኔ፣ ዓሣው ሲስብ የሚሰማውም እኔን ነው። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ "ሞተሬን ሴት ከኋላ ሆና አትነዳውም!" ብሎ ጮኸ። ዋርሳዬ የተጠቀለለ እጁን አንስቶ፣ ጣቱን የበላው የእሱ አነዳድ መሆኑን ነገረው።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበልሽ። ባለቤቴ በቡጢ መንጋጋውን አለው፣ ዋርሳዬም በቴስታ አፍንጫውን መለሰለት። ተያይዘው የሱቁ የብሎን ማሳያ መስታወት ላይ ወደቁ፤ ብሎኑም ስብርባሪውም ደሙም አንድ ላይ ወለሉን ሞላው። ባለቤቴ ተነስቶ መቅዘፊያ ሲያነሳ የወደቡ ተሸካሚዎች ገብተው እየጎተቱ አወጡት። ባለ ሱቁ ባንኮኒው ሥር ተደብቆ ነበር። ጸጥ ሲል አንገቱን ብቅ አድርጎ "ታዲያ የትኛውን ልጠቅልል?" አለኝ። ባለ ሽቦዋን አልኩት።

ቤት ስንገባ ተራው የኔ ሆነ። በቀበቶው የብረት ጫፍ ከንፈሬን ተረተረው፣ ተሰፋሁ። በበነጋው ዕቃዋን ሊመልስ ቢሄድ ባለ ሱቁ መስታወቴን ለሰበረ አልቀይርም ብሎ በሩን ዘጋበት። ዋርሳዬም በደህናው እጁ እየታገለ ገጠማት።

እውነቴን ነው እታለም፣ ወደድኳት። አንዱን ቁልፍ ጫን ሳደርግ ጀልባዋ በጥቂቱ ከፍ፣ ሌላውን ጫን ሳደርግ በጥቂቱ ዝቅ ትልልኛለች። በሕይወቴ እንዲህ የታዘዘልኝ ነገር የለም። ዓሣውም መጣ። ዓሣው በበዛ ቁጥር ግን የባለቤቴ ፊት እየጠቆረ ሄደ፤ ወደቡ ላይ "ሚስቱ የምትነዳው" የሚል ስም አውጥተውለት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ክሩ አንድ ትልቅ ዓሣ ያዘ። ክሩ እንዳይበጠስ ፍጥነቱን ቀነስኩ፤ ዓሣው ግን ተፈናጥሮ አመለጠ። ባለቤቴ ያስመለጥሽው አንቺ ነሽ ብሎ ሜንጦውን አነሳ። ዓሣ ወግተን የምናወጣበት፣ እጀታው ረጅም የሆነ ብረት ነው። ዋርሳዬ መሪውን ትቶ ሊይዘው ቢመጣ በእጀታው ግንባሩን አለው። ምስኪኑ ደም ዓይኑን ሸፍኖት ተንበረከከ። ከዚያ ባለቤቴ የሜንጦውን ጫፍ ወደ እኔ አዞረ። ዕቃዋ እጄ ውስጥ ነበረች። ከፍ የምታደርገውን ቁልፍ ጣቴን ሳላነሳ ተጫንኳት። ሞተሩ ጮኸ፣ ጀልባዋ ተወረወረች፣ እሱም ሜንጦውን እንዳነሳ በጎን ተገልብጦ ባሕር ገባ።

ሽቦዋን እየጎተትኩ ወደ መሪው ሄጄ ጀልባዋን አዞርኩና በጣም ዝግ ብዬ ተጠጋሁት። ቦት ጫማው ውኃ ሞልቶ ወደ ታች እየሳበው ነበር። ጠርዙን ሊይዝ ክንድ ሲቀረው አንዴ ጫን አደረግኩ፤ ትንሽ ራቅን። እንደገና ዋኝቶ ደረሰ፤ እንደገና ጫን አደረግኩ። መጀመሪያ ሰደበኝ። ቀጥሎ ለመነኝ። ቀጥሎ ከተጋባን ወዲህ ጠርቶት በማያውቀው በቁልምጫ ስሜ ጠራኝ። በመጨረሻ ድምፁ ጠፍቶ አፉ ብቻ ከውኃው በላይ ቀረ። ያን ጊዜም ጫን አደረግኩ። ዋርሳዬ ደሙን ከዓይኑ ጠርጎ ቀና ሲል አየኝና "እህቴ፣ ወንድሜ እኮ ነው" አለኝ። ሞተሩን አጠፋሁና ጎትተን አወጣነው።

ከዚያ ወዲህ እንደ በግ ጭምት ሆኗል። ቀና ብሎ አያየኝም፣ ሳህኑን ራሱ ያጥባል። የወደቡ ሰው ሁሉ ባልሽ ተመከረ፣ እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል። አንቺም ይህን ስታነቢ እፎይ ትዪ ይሆናል። ግን እታለም፣ ያን ዕለት ያወጣሁት አዝኜለት አይደለም፤ ወንድሙ ስላየኝ ነው። አሁን ጠዋት ጠዋት ስንወጣ እሱ ጠርዙ ላይ ሲቆም ዓይኔ እግሩን ነው የሚያየው፣ ጣቴም ቁልፏ ላይ ነው። እንግዲህ እመጣለሁ። እኔ ሰው ሳልገድል አልጋ አንጥፊልኝ።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ለምን መጣች ካለች ዓሣ ሰልችቷት ነው በያት። ለአባባ ሙግቱን እንዳይጨርሰው ንገሪው፣ መጥቼ አግዘዋለሁ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ እጁን አንስቶብሽ የማያውቅ ሰው ነውና ከወንድም አስበልጬ ነው የምወደው። ትልቋ ልጅሽን አንገቷን፣ መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋም አለሁ በያት።

ታናሽሽ
ከወደቡ ኋላ፣ ከመረብ ጠጋኞች ሰፈር
ኅዳር ፲፱ ቀን