ሺራ የቆረጠመችው ረቡዕ

ለዓለሜ፣ ለቤቴ ምሰሶ፣

እንዴት ሰነበትሽ የምለው ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ አንቺስ በአምላክሽ እጅ ነሽ። ከተለየሽን ሁለተኛው የሰግድ በዓል አለፈ። እኛ፣ ስሙ ይባረክ፣ ደህና ነን። ጊቫት ሃሞሬ ያለው ቤታችንም እንደተውሽው ነው፤ የበረንዳው ሮማን ብቻ ቆርቆሮው ጠብቦት ወደ ባልዲ አዛወርሁት።

ልጃችን ሺራ ነርስነት መማር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ወንድሟ አቪም ከሠራዊት ወጥቶ ሚክላላ ገብቷል፤ ኮሌጁ ውስጥ ኮምፒውተር ነው የሚማረው። ማደሪያው እዚያው ስለሆነ ቤት የሚመጣው ለሰንበት ነው። እኔ እንደምታውቂው ከዕብራይስጥ ትምህርት ቤቱ ያለፈ ደጃፍ አልረገጥሁም። እነሱ ስለ ኮርሳቸው ሲያወሩ ቄሱ በግዕዝ ሲጸልዩ እንደሚሰማ ሰው ዝም ብዬ አዳምጣለሁ። ሁሉም ባይገባኝም ደስ ይለኛል።

ያ የቆሎ ነገርሽም አልቀረም። የመዋዕለ ሕፃናት ረዳት ለመሆን ኮርስ የገባሽ ጊዜ ልጆቹ «እማ፣ ለምን ጊዜ የለሽም?» እያሉ አስቸገሩሽ። ሰንበት ነበርና መጻፍ አይሆንም። የሽምብራ ቆሎ አፍሰሽ ከእሑድ እስከ ዓርብ ለየቀኑ አንድ መስመር ዘረጋሽ፣ ለአንድ ትምህርት አንድ ፍሬ። ባዶ የቀረውን ቦታ እያሳየሽ «ይኸ የእናንተ ነው» አልሻቸው።

ዛሬ እነሱ በየሰንበቱ ከምሳ በኋላ የየራሳቸውን ይዘረጋሉ። ብዙ ባዶ ቦታ ያለው ሰንበት ሲወጣ ሳህን ያጥባል። አቪ «ነርስነት ምን ትምህርት አለው፣ መርፌ መውጋት አይደል?» ይላታል። እሷ ደግሞ «ማክሰኞ እስከ ቀትር ተኝተህ ይኸን ሁሉ ፍሬ ከየት አመጣኸው? ካፊቴሪያ መቀመጥም ኮርስ ሆነ?» ትለዋለች። አንድ ቀን እኔ ጨዋታቸውን እየሰማሁ ሳላስበው ከጠረጴዛው እያነሣሁ ስቆረጥም፣ «አባ፣ ሰኞዬን እኮ ጨረስህብኝ!» ብሎ አቪ ጮኸ። እንዴት እንደሳቅን ባየሽ።

ከሰግድ ወዲህ የቀኝ ትከሻዬ ሕመም ጸናብኝ። ሐኪሟ እስከ ፋሲካ በየረቡዑ መሀል ከተማ ወርጄ ክንዴን እንዳሠራ አዘዘችኝ። ማን ይውሰደው ተባለና በዚያ ሰንበት ቆሎው ተዘረጋ። ያን ቀን ክርክሩ ተገለበጠ። ዘወትር ሥራ በዝቶብኛል የሚሉት ልጆች አሁን እኔ ነኝ ባዶ፣ እኔ ነኝ ባዶ ይሉ ጀመር። አቪ የረቡዑን ፍሬዎች በጣቱ እየገፋ ወደ ሐሙስ አሻገራቸው። ሺራ ግን ዝም ብላ ሦስቱን የረቡዕ ፍሬዎቿን አንድ በአንድ እያነሣች ቆረጠመቻቸው። ከዚያ አፏን በእጇ ጠርጋ «እዩት፣ የኔ ረቡዕ ባዶ ነው» አለች።

ረቡዕ ሆስፒታል የምትለማመድበት ቀን እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ የቀረ ዓመቱን ይደግማል ብላ ራሷ ነግራኛለች። ስለኔ ትከሻ ዓመቷን ልታቃጥል ነው።

ዓለሜ፣ በእሷ አንቺን አየሁሽ። ወንድሜ ከነቤተሰቡ ከጎንደር ወደዚህ አገር የገባ ዕለት ትዝ አለኝ። «ትርፍ ጊዜ አለኝ» ብለሽ ዳቦውን ጋግረሽ፣ አልጋውን አንጥፈሽ፣ አብረሽኝ አየር ማረፊያ ወረድሽ። በማግሥቱ ፈተና እንደነበረብሽ ያወቅሁት የምስክር ወረቀትሽን የተቀበልሽ ዕለት አስተማሪሽ ስትነግረኝ ነው። ደግሞ አልፈሽዋል! ራሴን ጠየቅሁ፤ ለመሆኑ በቤታችን ትርፍ ጊዜ የሚባል ነገር ኖሮ ያውቃል? እኔ ያረፍሁት ዕረፍት ሁሉ አንቺ ዝም ብለሽ የቆረጠምሽው ፍሬ ነበር።

ከሳህኑ ሦስት ፍሬ አነሣሁና በሺራ ረቡዕ ላይ መለስኋቸው። «የታመመው ትከሻዬ ነው፣ እግሬ ደህና ነው። በአውቶቡስ ራሴ እሄዳለሁ» አልሁ። አቪ «አባ፣ አንተኮ አውቶቡስ ተሳስተህ ሌላ ከተማ ነው የምትገኘው» ብሎ ሳቀብኝ። ሺራ አልሳቀችም። ተነሥታ ግንባሬን ሳመችኝ።

አልጠፋሁም። በየረቡዑ ዳዊቴን በኪሴ ይዤ እወርዳለሁ። ክንድህን ወደ ላይ አንሣ ሲሉኝ ያመኛል። ያን ጊዜ ሺራ አንዱን ታማሚ ከትራሱ ቀና ስታደርግ ይታየኛል፤ እንዲህ ሳስብ ክንዴ ትንሽ ከፍ ይላል።

ባለፈው ሰንበት ለእኔም መስመር ይዘርጋልኝ አልሁና በረቡዕ ላይ አንዲት ፍሬ አስቀመጥሁ። «አባም ተማሪ ሆነ!» ብለው ተንጫጩ። ከኔ አጠገብ፣ አንቺ ትቀመጭበት በነበረው በኩል፣ ለአንቺም ቦታ ተውሁ። ልጆቹ ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ቆሏቸውን ሰብስበው ወደ ራሳቸው አስጠጉ።

በሕይወት ሳለሽ ባዶ ነው ስትይኝ ባዶ አልነበረም። አሁን እውነት ባዶ ነው፤ እረፊበት። እኔ በሕይወት እስካለሁ በየሰንበቱ ስምሽን አነሣለሁ፣ ያንን ቦታሽንም ማንም አንዲት ፍሬ እንዳያኖርበት እጠብቀዋለሁ።

ባልሽ