በአትክልቱ በር ላይ ስለተሰቀለው ቤተሰቤ

ለተከበሩ አቶ ፍሬአብ
የጥንታዊ አትክልት ቅርስና የቤተሰብ መዝናኛ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ምክትልዎ እንዲሁም በቢሮዎ መስኮት ሥር የተተከለው አዲሱ ሣር ሁላችሁም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኔን ጤንነት ለማወቅ ቢፈልጉ፣ እሑድ እሑድ ከሚሰማኝ ትንሽ ነገር በቀር ደህና ነኝ።

ስሜ ይሄይስ ይባላል፤ በአማን ከተማ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ የምተዳደር ልብስ ሰፊ ነኝ። በስም ባያውቁኝ አልቀየምም፤ በመልክ ግን ሳያውቁኝ አይቀሩም። በየጠዋቱ መኪናዎ በዋናው በር ሲገባ፣ ከበሩ በላይ በተሰቀለው ሰፊ ሸራ ላይ ጥርሴን ገልጬ የምቀበልዎ ሰው እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ያቀረብኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች እዚያው ተመችቷቸው በመቅረታቸው ነውና በትሕትና ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ከባለቤቴ ከእማዋይሽ ጋር ከተለያየን አራት ዓመት ሆነን። እሷ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሥራዋ ወደ ቴፒ ሲዛወር ሁለቱ ሴቶች ልጆቻችን አብረዋት ሄዱ። ትልቋ ረድኤት ዛሬ አሥር ዓመቷ ነው፣ ትንሿ አቢጊያ ስድስት። መጀመሪያ ላይ አማን ወዳለው ቤቴ ይመጡ ነበር፤ ነገር ግን የእናታቸው ዕቃ የወጣበት ቤት ስለሆነባት፣ ረድኤት ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ «መቼ ነው የምንመለሰው?» ትለኝ ነበር። በዚህ ምክንያት ከሸኮ አለፍ ብሎ ያለው የድሮው አትክልት፣ ማለትም ዛሬ እርስዎ የሚያስተዳድሩት፣ መገናኛችን ሆነ። እማዋይሽ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ልጆቹን በሚኒባስ ይዛ ትመጣለች፤ ሦስት ሰዓት ላይ በር ላይ ታስረክበኝና ሸኮ ወደሚኖሩት አክስቷ ትሄዳለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተመልሳ ትወስዳቸዋለች። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ለስድስት ሰዓት አባት ነበርኩ ማለት ነው።

እርስዎ ከመሾምዎ በፊት ቦታው ምን እንደሚመስል የነገረዎት ሰው ያለ አይመስለኝምና በአጭሩ ልግለጽ። በጃንሆይ ዘመን አንድ ግራዝማች ተከሉት ይባላል። ከትርንጎውና ከብርቱካኑ አልፎ፣ ውኃ የሚወርድበትን በድንጋይ የተሠራ ቦይ ተከትለው ሲሄዱ፣ በአንድ ረድፍ የቆሙ ሰባት ትልልቅ ዛፎች አሉ። ግራዝማቹ ልጅ በተወለደላቸው ቁጥር አንድ ዛፍ ተክለው፣ የልጁን ስምና የተወለደበትን ቀን በቆርቆሮ ላይ አስጽፈው ሰቅለውበታል። የሰባተኛው ዛፍ ቆርቆሮ ሁለት ቀኖች ነበሩት፤ በመካከላቸው ሁለት ወር ብቻ ነበር። ረድኤት እዚያ ስትደርስ ሁልጊዜ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር። አቢጊያ ጉሬዛ ስታይ እየጮኸች ስትሮጥ፣ የወደቀ ኮረሪማ ለቅማ ኪሴን ስትሞላ፣ ረድኤት ደግሞ ስሞቹን ሁሉ በደብተሯ ገለበጠች። ስለ እኛ ቤት አንድ ጊዜም ሳትጠይቀኝ ስለ ግራዝማቹ ቤት ሁሉንም ጠየቀችኝ፤ ማን ከማን ጋር ተጣላ፣ ማን ቀድሞ ከቤት ወጣ፣ «ልጆቹ ሲበታተኑ ዛፎቹ ለማን ቀሩ?» አለችኝ። የማውቀውን ነገርኳት፣ የማላውቀውን ፈጠርኩላት። ከልጄ ጋር ተነጋግሬ የማውቀው እዚያ ቦይ ዳር ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ማዕከሉ ሲቋቋም እነዚያን አሮጌ ቆርቆሮዎች አስነቅለው በምትካቸው «ዕ/014»፣ «ዕ/015» እያሉ የሚቀጥሉ የሚያምሩ ሰሌዳዎች ስላስደረጉልን ከልብ አመሰግናለሁ። የሰባት ልጆች ስም ማስታወስ ለጎብኚ ከባድ ነበር። ረድኤት በሰባተኛው ዛፍ ፊት ቆማ «ዕ/020 ማለት ሞቷል ማለት ነው?» ብላ ጠይቃኛለች፤ መልሱን ምናልባት በጽሕፈት ቤትዎ የሚያውቅ ይኖር ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ሣር መርገጥ፣ ዛፍ መንካት፣ መሮጥ፣ ፍሬ መልቀም፣ ቦይ ውስጥ እግር መክተትና ሌላም ሌላም እንደማይፈቀድ የሚገልጹ አሥራ አንድ ማስታወቂያዎች ስላቆሙልን አመሰግናለሁ። አቢጊያ በሕይወቷ መጀመሪያ አንብባ የተረዳችው ቃል «ክልክል» የሚለው ነው። ጥርት አድርጋ ታነበዋለች። መምህሯም እንዲያመሰግኑዎት ነግሬያቸዋለሁ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ጥቂት ቀናት ፈጅቶብኛል።

በሚያዝያ ወር ማዕከሉ ሊመረቅ በተቃረበበት እሑድ፣ እርስዎ ራስዎ ፎቶ አንሺ አስከትለው ወደ እኛ መጡ። ሁለቱ ልጆች አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው ነበር፤ እኔው ሰፍቼላቸው ነው። በጣም ትሑት ሆነው ሰላም ካሉን በኋላ ለማስታወቂያ የሚሆን የቤተሰብ ፎቶ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ፤ ቀጥለውም «እናትየዋስ?» አሉኝ። እናታቸው እዚህ የለችም ብዬ መለስኩ። እርስዎም «ግድ የለም» ብለው ትኬት የምትቆርጠውን ወይዘሪት ማህደርን ከበሩ አስጠሯት፤ ልጅቷ ከሥራ አስኪያጇ የታዘዘችውን ለመፈጸም መጥታ አጠገቤ ቆመች። ፎቶ አንሺው ጠጋ በሉ አለ። ረድኤት የእህቷን እጅ እንደያዘች ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። እኔ፣ ክቡር ሆይ፣ እዚያ በነበሩት ሰዎች ፊት «አንድ ፎቶ ብቻ ነው ልጄ፤ ቁሚ» አልኳት። አልተጠጋችም፤ ባለችበት ቆመች። ፎቶው ተነሣ።

ሸራው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተሰቀለ። በትልቅ ፊደል «ሙሉ ቤተሰብ፣ ሙሉ ደስታ» ይላል። በሥዕሉ ላይ እኔ እስቃለሁ፣ ወይዘሪት ማህደር ትስቃለች፣ አቢጊያ በሌላው ጎኔ ናት። ረድኤት ራቅ ብላ ስለቆመች ለሸራው ስፋት አልተመቸችም መሰል ተቆርጣለች። የቀረችው ከእህቷ እጅ ጋር የተያያዘች አንዲት እጇ ብቻ ናት፣ እስከ አንጓዋ።

በዚያ እሑድ እኔ ቀድሜ ደርሼ ሸራውን እያየሁ ሳለ ሚኒባሱ መጣ። እማዋይሽ ወረደች። ወደ ላይ አየች፤ ረጅም ጊዜ አየች። የምትጮህ ሴት አይደለችም።

«ይሄይስ፣ ብታገባ ግድ የለኝም» አለችኝ። «ልጄን ግን ለምን ቆረጥካት?»

እኔ እንዳልቆረጥኩ፣ ሴትዮዋ ሚስቴ እንዳልሆነች፣ ፎቶ አንሺ መጥቶ እንደነበረ በአንድ ትንፋሽ ለማስረዳት ሞከርኩ። እንደዚያ ተጣድፎ የሚናገር ሰው እኔ ራሴ ብሰማው አላምነውም። ረድኤት ከሚኒባሱ አልወረደችም፤ ፊቷን ወደ ሌላኛው መስኮት አዙራ ተቀምጣ ነበር። አቢጊያ ልትወርድ ስትል እናቷ መልሳ አስቀመጠቻት። ሚኒባሱ ወደ ሸኮ መሄዱን ትቶ ወደ ቴፒ ዞረ።

ስድስት ሰዓት ነበረኝ፤ ምን እንደማደርግበት ግን አላወቅሁም። ቢያንስ ገብቼ ቦይ ዳር ልቀመጥ ብዬ ወደ በሩ ስጠጋ፣ ከድሮ ጀምሮ የቦታው ዘበኛ የሆኑት ጋሽ ባዘዘው በእጃቸው አስቆሙኝ። እሑድ የቤተሰብ ቀን ስለሆነ ብቻውን የመጣ ሰው እንዳይገባ መመሪያ ወጥቷል።

«ትእዛዝ ነው ይሄይስ፤ ምን ላድርግ» አሉኝ። ቀና ብለው ሸራውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን አዩ። በኋላ የሚቀመጡባትን ዱካ አውጥተው ሰጡኝና እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከፎቶዬ ሥር ተቀምጬ የሌሎች ሰዎች ልጆች ሲገቡና ሲወጡ አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚወስደኝ ባይኖርም በልማድ ተነሣሁ።

ሸራው እንዲወርድልኝ በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ለመንኩ። ጽሕፈት ቤትዎ፣ በሸራው ላይ የሚታየው ግለሰብ እኔ ስለመሆኔ የጋብቻ ሁኔታዬን የሚገልጽ ማስረጃ ከቀበሌ ይዤ እንድቀርብ በቃል አዘዘኝ። ከሁለተኛው ደብዳቤ ጋር አያይዤ አቀረብኩ። ማስረጃው «የፈታ» ይላል። ባለሙያዎ ወረቀቱን በጥንቃቄ መርምረው፣ በሸራው ላይ ያለው ባለትዳር ስለሆነ ከእኔ ጋር እንደማይመሳከር ገለጹልኝ። ሦስተኛውን በገዛ እጄ ለእርስዎ ሳቀርብ፣ ሸራው የማዕከሉ ንብረት እንደሆነና የበጀት ዓመቱ ሳያልቅ እንደማይነካ ከመቀመጫዎ ሳይነሡ፣ ነገር ግን በታላቅ ጨዋነት አስረዱኝ። ለጨዋነትዎ አመሰግናለሁ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ባሉት ሁለት ወራት ውስጥ ስልክ ስደውል አቢጊያ ታወራኛለች፤ ረድኤት «እያጠናች ነው» ትባላለች። ለአዲሱ ዓመት ቀሚስ ልሰፋላቸው ጨርቅ ገዛሁ፤ የአቢጊያን ልክ በስልክ ጠይቄ ቆረጥኩ። የረድኤትን ልክ አላወቅሁትም፤ በዚህ ዕድሜ ልጅ በሁለት ወር ያድጋል።

እዚህ ላይ ማዕከሉ ያላዘዘው አንድ ነገር ተደረገ። ወይዘሪት ማህደር ነገሩን ከጋሽ ባዘዘው ሰምታ፣ አንድ ቅዳሜ ማንንም ሳታማክር ተሳፍራ ቴፒ ሄደች፤ ጠይቃ ጠይቃ የእማዋይሽን ቤት አገኘች። የሆነውን ነገረቻት። በዚያው ቀን እማዋይሽ ደወለችልኝ።

«ልጅቷ መጥታ ነበር» አለችኝ። ቀጥላም «እሑድ ና» አለች።

ሄድኩ። በጓሮዋ ወንበር አውጥታልኝ እሷ ወደ ውስጥ ገባች፤ አቢጊያንም ይዛት ገባች። ረድኤት ከፊት ለፊቴ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አድጋለች። ጥፋቱ የማዕከሉ እንደሆነ፣ የቆረጣት ሸራውን ያሠራው ሰው እንደሆነ፣ በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ነገርኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«የቆረጠኝ ሰውዬው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጅቷ ነግራናለች» አለችኝ። «ቁሚ ያልከኝ ግን አንተ ነህ።»

«አዎ፤ እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«በሰዎቹ ፊት አይሆንም ማለት አፈርኩ።»

«እኔ አላፈርኩም» አለች።

«አዎ። አንቺ ልክ ነበርሽ።»

ደብተሯን ገለጠች። መጻፍ ጀመረች፤ እኔም እስክትጨርስ ጠበቅኋት። አሁን በየአሥራ አምስት ቀኑ ቴፒ እሄዳለሁ። አቢጊያ ታጫውተኛለች። ረድኤት ሰላም ትለኛለች፣ ውኃ ታመጣልኛለች፣ ከዚያ ትገባለች። በሰው ጓሮ ወንበር ላይ እንደ እንግዳ እቀመጣለሁ፤ ሰዓቴ ሲደርስ ማንም ሳይነግረኝ እነሣለሁ። በሌላው እሑድ ሱቄን ከፍቼ ደንበኛ በሌለበት የስፌት መኪናዬን ዘይት እቀባለሁ። ስለ ግራዝማቹ ልጆች የሚጠይቀኝ የለም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሸራውን እንዲያወርዱልኝ አልለምንም፤ የልመና ቁጥሬን ጨርሻለሁ። ይልቁንም አንድ ሥራ አስኪያጅ በአንዲት ቀላል ጥያቄና «ግድ የለም» በሚሉ ሁለት ቃላት የሌላውን ሰው ቤት እንዴት ማሟላት እንደሚችል ስላሳዩን፣ እኔም «ቁሚ» በምትል አንዲት ቃል ልጄን ምን እንዳሳጣኋት እንዳውቅ ስላደረጉኝ፣ ምስጋናዬ በሥራ ዘመንዎ ሁሉ እንዲከተልዎ እመኛለሁ። ቤትዎ አይጉደል፤ ማንም መጥቶ አይሙላብዎ።

እጅ እየነሣሁ፣ በመመሪያው መሠረት ከበሩ ውጪ ቆሜ፣

በሸራ ባለትዳር፣ በቀበሌ የፈታ፣ በሥራው ልብስ ሰፊ፣
ይሄይስ
አማን

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ወይዘሪት ማህደር «የማዕከሉን ገጽታ የሚመለከት መረጃ ያለፈቃድ ለግለሰብ አሳልፋ በመስጠቷ» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደደረሳት ሰምቻለሁ። ልጅቷ ለእማዋይሽ አሳልፋ የሰጠችው መረጃ «ሚስቱ አይደለሁም» የሚል ነው። ይህ የማዕከሉ ምስጢር መሆኑን ባለማወቄ እኔም ለብዙ ሰው ተናግሬዋለሁና ማስጠንቀቂያዬ ይላክልኝ። ከዚያው ጋርም በሸራው ላይ ያለው የእኔና የልጅቷ ትዳር በየትኛው የበጀት ዓመት እንደሚፈርስ ቢገለጽልን፣ ልጅቷ ሰርግ ስላለባት እጮኛዋ ቀኑን በጉጉት ይጠብቃል።