ጥቁሯ ክብ

ማክሰኞ፣ ጥር 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

ደኅንነትሽን ሳልጠይቅ ቁጣ አልጀምርም፤ እንዴት ነሽ? እኛ እንዳለን አለን። አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ስለ ልብ ምት ያሳተምሽው ጥናት በፖስታ ደረሰኝ። «አባዬ፣ ኩራበት» ብለሽ ጽፈሽበታል። ኮራሁ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል። ቋንቋው ባይገባኝም በውስጡ ያለውን የዘር ሐረግ ሥዕል አየሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሕንፃ ፕላን ስነድፍ የኖርኩ ሰው መሆኔን እንዴት ረሳሽው? ካሬው ወንድ፣ ክቡ ሴት፣ በሰያፍ የተሰረዘው ካሬ ሟቹ ወንድምሽ። እኛው ነን! ከሦስት ዓመት በፊት ደማችንን ቀድተሽ የወሰድሽው ለዚህ ኖሯል።

ጥቁሩ ቀለም ግን ግራ ገባኝ። ጎረቤታችን ነርሷ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። አነበበችና ደግማ አነበበችው። «ምነው?» ስላት፣ «ጋሼ፣ ጥቁር የተቀባው ልጅዎን የገደለው ዘረመል ያለበት ሰው ነው፤ ሲሮጥ ወይም ሲዋኝ ልቡ ድንገት ሊቆም ይችላል» አለችኝ። የእናትሽ ክብ ነጭ ነው። የእኔ ካሬ ጥቁር። የታናሽ እህትሽም ክብ ጥቁር!

እሷ በዚያች ሰዓት ዋና ላይ ነበረች። በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ከጓደኞቿ ፊት ጎትቼ አወጣኋት፤ እስካሁን አኩርፋኛለች።

ስደውልልሽ ምን አልሽኝ? «አባዬ፣ የጥናቱ ደንብ ነው፤ ውጤት ለግለሰብ አይነገርም፣ ፈርማችሁበታል።» ለዓለም ሁሉ ታትሞ ለአባት የማይነገር ምን የሚሉት ደንብ ነው? የእህትሽን የዋና ሜዳሊያ ፎቶ ስንልክልሽ እያወቅሽ «ጎበዝ!» ትይን ነበር። ስልኩን የዘጋሁብሽም ለዚህ ነው።

ዛሬ የልብ ሐኪም አይቷት መድኃኒት ጀምራለች። በጊዜ ከታወቀ ብዙ ጊዜ ለክፉ አይሰጥም ብሎናል። በጊዜ ከታወቀ!

አንድ ነገር ቀረኝ። ከወንድምሽ ካሬ ጎን ያንቺ ክብ አለች፤ ነጭም ጥቁርም አይደለችም፣ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተጽፎባታል። ነርሷን ብጠይቃት «ይቺ ያልተመረመረችው ናት» አለችኝ። የሁላችንን ክንድ ወግተሽ የራስሽን ደበቅሽ? ፈርተሽ ነው አይደል? እኔም ፈርቻለሁ። ከእኔ ነው የመጣባችሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ካሬዬን ሳይ ነው የማድረው።

ነገ ጠዋት፣ ሥራ ሳትጀምሪ፣ ተመርመሪ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ በመጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ።

ከእኔ የሚረዝም ዕድሜ ይስጥሽ።

አባትሽ